ተመልሶ የሚመጣ ሰው፦ ነርሶችና የጤና ጣቢያችን ሥራ

ዛሬ ውጫሌ ላይ የተሰበሰብነው ግንቦት 4ን፣ ዓለም አቀፉን የነርሶች ቀን፣ ለማሰብ ነው። ስብሰባችን በአባቶች ምርቃትና ዱዓ ስለተከፈተ ደስ ብሎኛል። ወሎ ሳይመረቅ ሥራ አይጀምርም፤ የዛሬውም ጉዳይ ምርቃት የሚያስፈልገው ነው።

ውጫሌ ሲባል የሌላ አገር ሰው ትዝ የሚለው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል ነው። የጋበዛችሁኝ ግን ስለ ዛሬዋ ውጫሌ እንድናገር ነው፤ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት፣ ትንፋሹ የተፋጠነ ሕፃን፣ ግፊት እንዳለባቸው ሳያውቁ ገበያ የሚውሉ አዛውንት ስላሉባት ውጫሌ። የተሰጠኝ ርእስ "ነርሶች በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት ያላቸው ድርሻ" የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ከውስጡ አንድ ሐሳብ መርጫለሁ፤ እሱኑ ደጋግሜ እናገራለሁ፣ አትሰልቹኝ። ሐሳቡም ይህ ነው፦ የጤና ጣቢያ ዋና ሥራው አንዴ የመጣው ሰው ተመልሶ እንዲመጣ ማድረግ ነው፤ ይህን ሥራ በእጁ የያዘው ነርሱ ነው።

በመጀመሪያ ይህ ሙያ በእኛ አገር እንዴት እንደተነሣ በአጭሩ አነሣለሁ። ቀጥዬ አንዲት ነርስ ከአንድ ሕፃን ጋር የምታደርገውን አሳያችኋለሁ። ከዚያ መጥተው ስለሚቀሩት ሰዎች እናገራለሁ፤ ረዘም ብዬ የምቆየውም እዚያ ላይ ነው። በመጨረሻ እያንዳንዳችን ምን እንደምናደርግ እንነጋገራለን።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። በ1945 ዓ.ም. ክረምትና በተከታዩ ዓመት መግቢያ ጎንደር ደምቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ሰው በሺዎች ረገፈ። በዚያን ጊዜ በአገራችን የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ፣ እነሱም በከተማ ሆስፒታሎች የተሰበሰቡ ነበሩ። ከዚያ መከራ ማግስት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ሐኪም አላስተማረም፤ ሦስት ዓይነት ባለሙያ በአንድነት አሰልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ላከ፦ የጤና መኮንን፣ ሳኒታሪያንና ኮሚዩኒቲ ነርስ። ሥልጠናቸውን የሚጨርሱት በቡድን ወጥተው፣ ጤና ጣቢያ ላይ አብረው ሠርተው ነበር።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ያቺ ኮሚዩኒቲ ነርስ ስትሰለጥን ማዋለድ ትማራለች፣ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ትማራለች፤ ከዚያ እኩል ደግሞ ቤት ለቤት መሄድን ትማራለች። ያረገዘችውን በቤቷ መጠየቅ፣ የወለደችውን አራስ ቤት ገብቶ ማየት፣ ሕፃኑ ምን እንደሚበላ ማወቅ የሥራዋ አካል ነበር። የዓለም መንግሥታት አልማ አታ ከተማ ላይ ተሰብስበው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎትን ያወጁት በ1971 ዓ.ም. መስከረም መግቢያ ላይ ነው። የእኛዋ ነርስ ከዚያ ቀድማ፣ ሃያ ዓመት አልፎ፣ የደምቢያን መንገድ በእግሯ ስትሄድ ነበር። ነርሶች ሆይ፣ ይህ ቅርሳችሁ ነው። ከግቢው ወጥቶ ሰውን በቤቱ መፈለግ ከአያቶቻችሁ የወረሳችሁት ሥራ ነው።

ዛሬ አደረጃጀቱ ሰፍቷል። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ ያገለግላል ተብሎ የታቀደ ሲሆን በሥሩ አምስት ያህል ጤና ኬላዎች አሉት። ኬላዎቹን የያዙት በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም ያፈራቸው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ጤና ጣቢያው ላይ የጤና መኮንን፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያ ታገኛላችሁ። በብዙው ጤና ጣቢያ ሐኪም የለም። ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ "ዶክተር" የምትሉ እናቶች፣ ፊታችሁ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ነርስ ነው፤ ወንድም ይሁን ሴት። የሚመረምራችሁ፣ የሚወስነው፣ መድኃኒት የሚያዘው ወይም ወደ ሆስፒታል ሪፈር የሚጽፈው እሱ ነው። ይህን በግልጽ ማወቅ አለብን፤ የሚፈርደውን ሰው "ረዳት" እያልን ብንጠራው የኃላፊነቱን ክብደት አናይለትም።

ሁለተኛው ነጥቤ ይህንን በቅርብ ለማሳየት ነው። አንዲት እናት የስምንት ወር ሕፃን አዝላ፣ ሁለት ሰዓት በእግሯ ወርዳ መጣች እንበል። "ብርድ መታብኝ፣ ያስለዋል" ትላለች። ነርሷ ስቴቶስኮፕ አንገቷ ላይ አለ፤ መጀመሪያ የምትይዘው ግን እሱን አይደለም። "እታለም፣ አረፍ በይ፤ ጡትሽን ይጠባል? የጠባውን ሁሉ ያስመልሰዋል? አንዘፍዝፎት ያውቃል?" ብላ ትጠይቃለች። ሕፃኑ ነቅቶ ሰው ያይ እንደሆነ፣ ዝሎ ተኝቶ እንደሆነ ታያለች። መጥባት ካቃተው ወይም ከሌሎቹ ሦስት ምልክቶች አንዱ ከተገኘ ልጁ አደጋ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን መድኃኒት እዚያው ሰጥታ አምቡላንስ ትጠራለች።

ካልተገኘ እናቱ ጉልበት ላይ እንዳለ፣ ሳያለቅስ፣ ልብሱን ገለጥ ታደርግና ሰዓቷን አይታ ትንፋሹን ትቆጥራለች። አንድ ሙሉ ደቂቃ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የለም፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ያርፋል። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 12 ወር ለሆነ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ነው። ዓመት ሞልቶት አምስት ዓመት ላልደረሰው 40ና ከዚያ በላይ። ደጅ ላይ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ፣ አንዱ "ቶሎ በሉ እንጂ" እያለ ያችን ደቂቃ ሳያሳጥሩ መቁጠር ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔ ነርስን የምመዝነው በዚያች ደቂቃ ነው።

ከዚያ በኋላ የክንዱን ዙሪያ በመለኪያው ጥብጣብ ትለካዋለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየች ወሎ ይህችን ጥብጣብ ማክበር አለባት፤ ረሃብ ሰውን መንገድ ላይ ከመጣሉ ከብዙ ወራት በፊት በሕፃናት ክንድ ላይ ይታያል፣ መጀመሪያ የምታየውም ነርሷ ናት።

ልጁ የሳንባ ምች ከሆነ አሞክሲሲሊን ታዝለታለች። እንክብሉ በውኃ እንዴት እንደሚሟሟ ለእናትየው ታሳያታለች፤ የመጀመሪያውንም እዚያው ፊቷ ታሰጣታለች። "እስቲ አንቺ ድገሚልኝ፤ በቀን ስንት ጊዜ ነው? ስንት ቀን ነው?" ትላታለች። ቀጥላ አሁን የምነግራችሁን ትላለች፦ "በሁለት በሦስት ቀን ይዘሽው ተመለሺ። መጥባት ካቆመ፣ ትንፋሹ ከባሰበት ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ማታም ቢሆን ነይ።" በእኔ እምነት ከመድኃኒቱ የማይተናነሰው ይህ ቃል ነው። እናትየው ካልተመለሰች ልጁ ዳነ ወይስ መድኃኒቱ አልያዘውም፣ ማንም አያውቅም።

ይህ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ዋናው ነጥቤ ወሰደኝ።

በአገራችን ጤና ላይ ብዙ ተሠርቷል፤ ያንን መካድ በደል ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2011ዱ ጥናት ቁጥሩ ከ60 በታች ወርዷል። በጤና ተቋም የምትወልደው እናት በ1992ቱ ጥናት ከ100 አምስት ብቻ ነበረች፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሰች። ቃሬዛ ተሸክማችሁ ያወረዳችሁ ጎረምሶች፣ የእናቶች ማቆያ ውስጥ ገንፎ ያገነፋችሁ ሴቶች፣ ሌሊት ያደራችሁ አዋላጆች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው።

አሁን ሌላውን ቁጥር ስሙኝ። በዚያው በ2011 ዓ.ም. ጥናት ከ100 ነፍሰ ጡሮች 74ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለቅድመ ወሊድ ክትትል ወደ ሠለጠነ ባለሙያ ሄደዋል። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የሄዱት ግን 43 ብቻ ናቸው። በ2008ቱ ጥናት አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት መጀመሪያውን ዙር የወሰዱ ሕፃናት ከ100 73 ነበሩ፤ ሦስተኛውን የወሰዱት 53። እንግዲህ መቶ ሕፃናት ብንሰበስብ ሃያዎቹ ተቋሙን አውቀውት፣ ክንዳቸውን ወይ ጭናቸውን ተወግተው፣ ካርድ ይዘው የቀሩ ናቸው። ጤና ጣቢያ የማያውቅ ሕዝብ አይደለም ይህ። መጥቶ የቀረ ሕዝብ ነው። ዘርቶ ለአረም ያልተመለሰበት ማሳ ምን እንደሚሆን ገበሬ ሆናችሁ እኔ አልነግራችሁም።

ለምን ይቀራሉ? እናቶችን ስትጠይቋቸው መልሱ አንድ አይደለም። ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን አልገባትም። ወይም ባለፈው ስትመጣ መድኃኒት የለም ተብላ ተመልሳለች። ወይም ከተወጋ በኋላ ልጁ ሌሊቱን ሲያተኩሰው አድሯል፣ ይህ እንደሚሆን ቀድሞ የነገራት ሰው አልነበረም። ወይም አዝመራ ነው፣ አህያው ታሟል፣ ባሏ አልፈቀደም። ወይም፣ ይህንን ስናገር ልቤ ያዝናል፣ ዘግይታ ስትመጣ ሰው ፊት ተቆጥተዋታል። የተቆጧት እናት አትመለስም። ጎረቤቷንም ይዛ ትቀራለች።

ከእነዚህ ምክንያቶች አብዛኞቹን ማስተካከል የሚችለው ነርሱ ነው። ሐኪም ቢመጣ፣ ራጅ ቢተከል እነዚህን አይፈታቸውም።

የቲቢን ሕክምና እንውሰድ። መደበኛው ስድስት ወር ነው። ሁለቱን ወር በአራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀሪውን አራት ወር በሁለት። በሽተኛው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሳሉ ይተወዋል፣ ይወፍራል፣ ወደ እርሻው ይመለሳል። የሚያቋርጠው ያኔ ነው። ካቋረጠ መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ ይዞ ሊመለስ ይችላል፣ ቤተሰቡንም ያስይዛል። ስለዚህ ቲቢ ክፍል የተቀመጠው ነርስ ዋና ሥራው ደህና የመሰለውን ሰው ማሳመን ነው። የታመመን ማሳመን ቀላል ነው፤ የተሻለውን ማሳመን ነው ጥበቡ።

የደም ግፊትም እንዲሁ ነው። 140 በ90ና ከዚያ በላይ ሆኖ ምንም ሳያም ዓመታት ይቀመጣል። አንዲት እናት ወይም አንድ አባት መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ ራስ ምታቱ ተወ፤ "ድኛለሁ" ብለው ተዉት። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ይላል። እዚህ ላይ ለሃይማኖት አባቶች አንድ ልመና አለኝ። ፀበሉንም ዱዓውንም ማንም ነርስ ከታካሚው መንጠቅ የለበትም። እናንተ ደግሞ "መድኃኒቱን ይዘህ ተጠመቅ፤ ኪኒንህን እየዋጥክ ዱዓ አስደርግ" በሏቸው። ከእናንተ አንደበት የወጣ እንዲህ ያለ ቃል ነርሷ ዓመት ከምትመክረው ይበልጣል።

ክትትል እንደሚቻል ማስረጃ አለን። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሥራው የሆስፒታልና የሐኪም ነበር። ቆይቶ ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ፤ ነርሶች ሠልጥነው መድኃኒቱን ማስጀመርና መከታተል ያዙ። ሰው ቀርቶ እንደሆነ በስልክ ይፈለጋል፣ ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ወገኖች ቤቱ ድረስ ሄደው ያመጡታል። ይሞታሉ ተብለው የተለቀሰላቸው ሰዎች ልጅ ድረው፣ የልጅ ልጅ አይተዋል። ያንን ያደረገው መድኃኒቱና የሚፈልግ ነርስ በአንድነት ነው። ለኤችአይቪ የቻልነውን ለስኳርና ለግፊት የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የአራሷ ነገር ነው። በአገራችን የነርስነት ታሪክ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ፤ ከድል በኋላ ወደ አገራቸው ገቡ። ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ግን ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ሞቱ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ናቸው፣ ራሳቸው ነርስ ናቸው፤ አልዳኑም። በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ፣ ነርሶችም ሠለጠኑበት። እንግዲህ ከቆላው ቀበሌ የምትመጣ እናት ምን ዋስትና አላት?

ዋስትናዋ ሁለት ነገር ነው። አንዱ እንደወለደች በአንድ ደቂቃ ውስጥ የምትወጋው ኦክሲቶሲን ነው፤ ደም እንዳይፈስ ማኅፀኗን የሚያኮማትር። ሁለተኛው ከወለደች በኋላ የሚያያት ሰው ነው፤ በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሰባተኛው ቀን፣ ከዚያ በስድስተኛው ሳምንት። በ2011ዱ ጥናት ከወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የታዩት እናቶች ከ100 ወደ 34 ገደማ ነበሩ። ገንፎ አብልተን፣ እልል ብለን ሸኝተን ከዚያ ወዲያ አናያትም። አራስ ቤት ደግሞ ባህላችን ያከበረው ቤት ነው፤ ሴቱ ሁሉ ይገባበታል። ነርሷ የማትገባበት ምክንያት ምንድን ነው? ስሪላንካ ሀብታም አገር ሳትሆን የሕዝብ ጤና አዋላጆቿን ቤት ለቤት አሰማርታ የእናቶችን ሞት እጅግ ዝቅ አድርጋለች።

የሰሜኑን ጦርነት ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ጦርነቱ ይህን የወልድያና የደሴ መንገድ ሲይዝ በደቡብና በሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተሰባብረዋል። አልጋውና ማይክሮስኮፑ በገንዘብ ይተካል። ክትባትና ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚጠብቀው ፍሪጅም ይተካል። መዝገብ ግን አይተካም። መዝገብ ሲበተን ማን ስንተኛ ወር ላይ እንደነበረ፣ ማን መድኃኒቱ ሊያልቅበት እንደነበረ አብሮ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ቤታቸው ተዘርፎ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ተሰደው፣ ተመልሰው ታካሚዎቻቸውን በስም እያስታወሱ የፈለጉ ነርሶች እንዳሉ የማያውቅ በዚህ አዳራሽ የለም። ለእነሱ እስካሁን በቂ ምስጋና አልሰጠንም።

ወደ መጨረሻው ነጥቤ ደረስኩ፤ ምን እናድርግ?

በአስተዳደር ላላችሁ። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄያቸውን በአገር ደረጃ በአደባባይ አንሥተዋል። ያንን ጥያቄ ወረዳ ብቻውን አይመልሰውም። የወረዳ አቅም የሆነ ነገር ግን አለ፦ ለተረኛ ነርስ መኖሪያ ክፍል፣ ለሌሊት መብራት፣ ለጥበቃ፣ ለአምቡላንስ ነዳጅ፣ ለጓንት። የማያስፈልገውን መዝገብ አትጨምሩባቸው፤ ታካሚ ፊት ተቀምጦ ስድስት ቦታ የሚጽፍ ነርስ የማንንም ዓይን አያይም። በየጥቂት ወሩ ከክፍል ክፍል እያዘዋወራችሁም ታካሚና ነርስ ሳይተዋወቁ አትለያዩዋቸው።

ስለ ጤና መድህን ለተሁለደሬ ጎረቤቶቻችን ምስክርነት መስጠት አያሻም፤ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ ተሁለደሬ ነበረች። መድህን ያለው ሰው ሕመሙ ሳይጠና ይመጣል። ይህ የሚቆየው ግን መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ላይ ሲገኝ ነው። ከፍሎ ከፋርማሲ ባዶ እጁን የተመለሰ አባወራ በሚቀጥለው ዓመት አያድስም።

ለነርሶች የምለው ሁለት ነገር ነው። ቀጠሮ ስትሰጡ ቀኑን በካርድ ላይ ጽፋችሁ አትተዉት፤ ከሰውየው ኑሮ ጋር አገናኙት። ሰው ከየቀበሌው ወደ ከተማ የሚወርደው በገበያ ቀን ነው። የግፊትንና የስኳርን ቀጠሮ በገበያ ቀን አድርጉት፤ የዚያን ቀን ሰው ጨምሩ፤ በሬውን ሸጦ ሲመለስ ግፊቱን ተለክቶ ይሂድ። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ከግቢው ውጡ። በዚያ ሳምንት ቀጠሯቸውን የቀሩ ሰዎች ዝርዝር ለየኬላው ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይድረስ፤ ሚስጥራቸው ተጠብቆ፣ እሷና እናንተ ብቻ የምታውቁት ሆኖ። እሷ ያላገኘቻቸውን አብራችኋት ሂዱ። ይህ ግማሽ ቀን በወረዳው ፕሮግራም ላይ እንደ ሥራ ይጻፍ እንጂ በነርሷ ፈቃደኝነት ላይ አይውደቅ።

ለእናንተ ለነዋሪዎች። ወረፋ ላይ ስትቆሙ ውስጥ አንዲት ነርስ የአንድ ሕፃን ትንፋሽ እየቆጠረች ሊሆን ይችላል፤ በሩን አታንኳኩ። ባሎች፣ ሚስታችሁን ለቀጠሮ ላኳት፣ የቀረውን ሥራ እናንተ ያዙ። ነርስ ከተቆጣችሁም ዝም ብላችሁ አትቅሩ፤ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ተናገሩ፣ ለቦርዱ ተናገሩ። መናገር መብታችሁ ነው።

የእኔ ንግግር እዚህ ይበቃል፤ ቀሪው ሰዓት የእናንተ ነው። አንድ ነገር ግን ልለምን። በእንዲህ ያለ ስብሰባ መጀመሪያ የሚናገረው ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው። ዛሬ ከሩቅ ቀበሌ የመጣችሁ እናቶች ቅደሙ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ ተሰጥቷችሁ ያልሄዳችሁበት ቀን ምን አስቀራችሁ? ነርሶቻችን ማስታወሻቸውን ይዘዋል፤ እንሰማችኋለን።